የድሮ የአሜሪካ መኪኖችን ያሻሻጣቸው መልካቸው ነበርን? ለአንድ አንባቢ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

የደረሰኝ ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የ1950ዎቹንና የ1960ዎቹን የአሜሪካ መኪኖች ስመለከት አንዳንዶቹ በመልካቸው ብቻ የተሸጡ፣ አንዳንዶቹም በመልካቸው ብቻ የከሰሩ ይመስለኛል። የፎርዱ ኤድሰል በፊት ለፊት ፍርግርጉ ምክንያት ወደቀ፣ መስታንግ ደግሞ በውበቱ ገበያውን ያዘ ሲባል እሰማለሁ። በእውነት የቅርጽ ምርጫ በሽያጭ ላይ ይህን ያህል ይወስን ነበርን? ዛሬ በጨረታ እጅግ ውድ የሆኑትስ በጊዜያቸው ተፈላጊ ነበሩ?»

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አዎን፣ የቅርጽ ምርጫ ሽያጭን ይወስን ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ከሞተሩና ከዋጋው በላይ ይወስን ነበር። ሆኖም ይህ ጥያቄ በተለምዶ የሚመለስበት መንገድ፣ ማለትም የተሸጠውን «ያምራልና ተሸጠ»፣ ያልተሸጠውን «አያምርምና ከሰረ» ማለት፣ የሚያስረዳው ነገር የለም፤ ሽያጩ ከታወቀ በኋላ የሚሰጥ ፍርድ ነውና። የቅርጽን ድርሻ ለይቶ ለማየት የሚቻለው ከላሜራው በታች ተመሳሳይ የሆኑ፣ በመልክ ግን የተለያዩ መኪኖችን ጎን ለጎን አስቀምጦ በማስተያየት ነው። የአሜሪካ ኩባንያዎች አንዱን ሻንሲና አንዱን ሞተር ለብዙ ሞዴሎች ይጠቀሙበት ስለነበር ለዚህ የሚሆን ምሳሌ አይታጣም። እኔ ከእነዚህ ምሳሌዎች የምረዳው፣ ጥሩ ቅርጽ ገዢውን ወደ መሸጫው እንደሚያስገባውና የመጀመሪያውን ዓመት ሽያጭ እንደሚያበዛው፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን የመኪናው የሥራ ጥራት፣ የወጣበት ጊዜና የተተመነለት ዋጋ እንደሚወስኑት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ግልጽ የሆነው ምሳሌ የ1964ቱ ፎርድ መስታንግና ፕሊማውዝ ባራኩዳ ነው። ሁለቱም የተሠሩት አነስተኛና ርካሽ በሆኑ የቤተሰብ መኪኖች ላይ ነበር፤ መስታንግ በፎርድ ፋልከን ላይ፣ ባራኩዳ በፕሊማውዝ ቫልየንት ላይ። ሁለቱም ለወጣት ገዢ የታሰቡ ነበሩ፤ ዋጋቸውም ይቀራረብ ነበር። እንዲያውም መስታንግ ኤፕሪል 17 ቀን 1964 በኒው ዮርክ የዓለም ትርዒት ላይ ለሕዝብ ሲቀርብ ባራኩዳ ገበያ ከገባ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር። ውጤታቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። መስታንግ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ወደ 22,000 የሚጠጋ ትእዛዝ ተቀበለ፤ በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ከ418,000 በላይ ተሸጠ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላውም አንድ ሚሊዮንኛው መኪና ከፋብሪካ ወጣ። በ1964 ሞዴልነት የተመረተው ባራኩዳ ግን ከ24,000 በታች ነበር።

ልዩነቱ የቱ ላይ እንደሆነ ለመረዳት ሁለቱን መኪኖች በአንክሮ ማየት ይበቃል። የፎርድ ዲዛይነሮች የፋልከንን ጌጣጌጥ በመቀየር አልተወሰኑም፤ የለወጡት የመኪናውን ምጣኔ ነው። ኮፈኑ ረዘመ፤ የኋላው የዕቃ መጫኛ አጠረ፤ የተሳፋሪው ክፍል ወደ ኋላ ተገፋ፤ ጣሪያው ዝቅ አለ። ስለዚህ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ከሥሩ ያለው አብዛኛው አካል ከፋልከን የመጣ መሆኑን ከውጭ የሚያይ ሰው ሊጠረጥር አይችልም ነበር። የኋላው ወንበር በዚህ ምክንያት ጠበበ፤ የዕቃው ቦታም አነሰ፤ ፎርድ ይህን እያወቀ ተቀበለው። የፕሊማውዝ ባለቤት የሆነው የክራይስለር ሰዎች በበኩላቸው የቫልየንትን የፊት ክፍል፣ ኮፈኑንና የፊት ፓራፋንጎዎቹን ጨምሮ፣ እምብዛም ሳይነኩት ከኋላ በኩል በዚያን ጊዜ መኪና ላይ ከተገጠሙት ሁሉ የሚበልጥ የተጠማዘዘ ትልቅ መስታወት አኖሩበት። መስታወቱ ድንቅ ሥራ ነበር፤ የኋላው ወንበር ሲታጠፍ የሚገኘው የዕቃ ቦታም መስታንግ ከሚሰጠው ይሰፋ ነበር። ነገር ግን መንገድ ላይ ከፊት ለፊቱ ሲመጣ ለሚያየው ሰው ባራኩዳ ያው ቫልየንት ነበር፤ ቫልየንት ደግሞ የቁጠባ መኪና እንጂ ወጣት የሚመኘው መኪና አልነበረም። ገዢ ገንዘቡን የሚያወጣው ጎረቤቱ ሊለየው ለሚችል ነገር ነው፤ ፎርድ ይህን የለውጥ ወጪ ኮፈኑና ጎኑ ላይ ሲያውል ክራይስለር ከኋላ አዋለው።

ለፍትሕ ያህል፣ ልዩነቱ በሙሉ የቅርጽ ነው ማለት አይገባም። ፎርድ የሰፋ የሻጭ ወኪሎች መረብ ነበረው፤ መኪናው በወጣበት ዋዜማ ምሽት በሦስቱም ታላላቅ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አስተዋውቆታል፤ የመነሻ ዋጋውን 2,368 ዶላር አድርጎም ገዢው ሌላውን እንደ አቅሙ እየመረጠ እንዲጨምር የሚያስችል ረጅም የአማራጭ ዝርዝር አዘጋጅቷል። ነገር ግን ማስታወቂያና ወኪል ብቻውን ወደ ሃያ እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት አያመጣም፤ ባራኩዳ ሙሉ ዓመት በተሸጠበት በ1965 ሞዴልም ምርቱ ወደ 65,000 ገደማ ብቻ መሆኑ ይህን ያረጋግጣል። ሐሳቡ ራሱ ከፎርድ እንዳልመነጨም መታወቅ አለበት። ሸቭሮሌት በ1960 ያወጣው ኮርቬር በቁጠባ መኪናነቱ ከፋልከን ጋር መወዳደር አቅቶት ሳለ፣ የተናጠል የፊት ወንበሮችና የተሻለ የውስጥ ልብስ የተደረገለት «ሞንዛ» የተባለው ባለ ሁለት በር ሞዴል ሲወጣ ከኮርቬሮች ሁሉ ተፈላጊው ሆነ። ፎርዶች ያዩት ይህን ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ዶጅ ቻርጀር ነው፤ እኔ በግሌ ከሁሉ አብልጬ የምመካበት ማስረጃ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ስሙም፣ ኩባንያውም፣ ወኪሎቹም አልተለወጡም። የመጀመሪያው ቻርጀር በ1966 ሲወጣ የቤተሰብ መኪና በሆነው ኮሮኔት ላይ ተዳፋት ጣሪያ የተጫነበት መኪና ነበር፤ 37,000 ገደማ ከተመረተ በኋላ በ1967 ወደ 16,000 ገደማ ወረደ። በ1968 ሪቻርድ ሲያስ የተባለው ወጣት ዲዛይነር የነደፈው አዲስ ቦዲ መጣ። ጎኑ እንደ ኮካ ኮላ ጠርሙስ መሐሉ ላይ ሰርጎ የኋላ ጎማዎቹ ላይ ያብጣል፤ የፊት መብራቶቹ በጥቁሩ ፍርግርግ ውስጥ ተሸሽገዋል፤ የጣሪያው ምሰሶዎች ከኋላው መስታወት ግራና ቀኝ ተዘርግተው ወደ ዕቃ መጫኛው ይወርዳሉ። በጎኑ ላይ የነበረው የተለመደ የክሮም ጌጥ ከሞላ ጎደል ተወግዷል። በሥሩ ያሉት ዋና ዋናዎቹ ሞተሮች በ1967ም የነበሩ ናቸው። ኩባንያው 35,000 ያህል ለመሸጥ አቅዶ ነበር፤ የተመረተው ግን 96,000 ገደማ ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሽያጭን ስድስት እጥፍ ያሳደገ ነገር ከላሜራው ሌላ አይታየኝም።

እዚህ ላይ ቅርጽ እንዴት የሽያጭ መሣሪያ ለመሆን እንደበቃ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሄንሪ ፎርድ ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ «ሞዴል ቲ» ሲያመርት፣ ከ1914 እስከ 1925 ድረስ በጥቁር ቀለም ብቻ ሸጧል። ዋጋው በ1920ዎቹ አጋማሽ እስከ 260 ዶላር ድረስ ወርዶ ነበር፤ ያም ሆኖ ሽያጩ አሽቆለቆለ፤ የመጀመሪያ መኪናውን የገዛው ሕዝብ ሁለተኛውን ሲገዛ ከርካሽነት ሌላ ነገር መፈለግ ጀምሮ ነበርና። የጄኔራል ሞተርስ ፕሬዚዳንት አልፍሬድ ስሎን ይህን ቀድሞ ተረዳ። ዱፖንት ያወጣው «ዱኮ» የተባለ ቀለም ሳምንታት ይፈጅ የነበረውን የማድረቅ ሥራ ወደ ሰዓታት ስላወረደው፣ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸውን መኪኖች በብዛት ማምረት ተቻለ። በ1927 የወጣው ላሳል የተባለው መኪና የዲዛይነሩ የሃርሊ ኧርል ሥራ ሲሆን፣ ኩባንያው በዚያው ዓመት አካባቢ የቅርጽና የቀለም ክፍል አቋቁሞ ኧርልን ሾመበት፤ እርሱም እስከ 1958 ድረስ ሥራውን መራ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ መልክን የመለወጥ ልማድ ጸና፤ ዓላማውም የአምናው መኪና ባለቤት ገና በሚሠራ መኪናው ቅር እንዲለው ማድረግ ነበር። ይህ አሠራር ላሜራ መምቻ ቅርጾችን ደጋግሞ ማሠራትን ስለሚጠይቅ ብዙ ለማይሸጥ ትንሽ ኩባንያ የማይቻል ሸክም ሆነ፤ ከታላላቆቹ ኩባንያዎች ውጭ ለነበሩት ለነጻዎቹ አምራቾች መጥፋት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ይሁንና አዲስ ቅርጽ ሁሉ አይሸጥም፤ ገዢው የለመደውን ምን ያህል ትቶ ሊከተል እንደሚችል ወሰን አለ። ክራይስለር በ1934 ያወጣው ኤርፍሎ በነፋስ መሞከሪያ ዋሻ የተፈተነ፣ ሞተሩን በፊት ጎማዎቹ ላይ፣ ተሳፋሪዎቹን በሁለቱ አክስሎች መካከል ያስቀመጠ፣ በምሕንድስናው ከዘመኑ የቀደመ መኪና ነበር። ነገር ግን አጭርና ክብ የሆነው አፍንጫው፣ መብራቶቹም በአካሉ ውስጥ መቀበራቸው፣ ረጅም ኮፈንና ቀጥ ብሎ የቆመ ፍርግርግ የኃይል ምልክት አድርጎ ያይ ለነበረው ገዢ እንግዳ ሆነበት። በዚያው ዓመት የክራይስለር ስም ያለው የተለመደ ቅርጽ ያለው ባለ ስድስት ሲሊንደር መኪና ከኤርፍሎ ይበልጥ ተሸጠ፤ ኤርፍሎም ከ1937 በኋላ ቀረ። በ1936 የመጣው ሊንከን ዘፊር ግን እንዲሁ በነፋስ የተቀረጸ የሚመስል መኪና ሆኖ ሳለ በመጀመሪያው ዓመት ወደ 15,000 ገደማ ተመረተ፤ ሊንከን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሁለት ሺሕም አልሞላም ነበር። በመካከላቸው ያለው ዋና ልዩነት አፍንጫው ነው ብል አላጋነንኩም። ዲዛይነሩ ቦብ ግሪጎሪ ለዘፊር የመርከብ የፊት ጫፍ የሚመስል ሾጣጣና ረዘም ያለ ፊት ሰጠው፤ ገዢው አዲሱን ቅርጽ ሳይሸሽ የለመደውን ኮፈን በውስጡ አገኘ። በእርግጥ የኤርፍሎ ምርት በወራት መዘግየቱና ወዲያው ስለ ጥራቱ መጥፎ ወሬ መነዛቱም ጎድቶታል።

ክራይስለር ከዚያ ውድቀት በኋላ ለረጅም ጊዜ ድፍረት አጣ። ፕሬዚዳንቱ ኬ. ቲ. ኬለር ባርኔጣ ያደረገ ሰው ሳይቸገር የሚቀመጥበት መኪና ይፈልግ ነበርና ከ1949 ጀምሮ የወጡት መኪኖች ከፍ ያሉና ሣጥን መሰል ሆኑ፤ በ1954 ኩባንያው ከገበያው የያዘው ድርሻ ወደ 13 ከመቶ ገደማ ወረደ። ቨርጂል ኤክስነር የነደፋቸው የ1955 መኪኖች ኩባንያውን አነሡት፤ የ1957ቹ ደግሞ አገሩን አስደነቁ። የፕሊማውዝ ማስታወቂያ «ድንገት 1960 ሆነ» ይል ነበር፤ ዝቅ ያለው ጣሪያና ሽቅብ የወጡት የኋላ ክንፎችም ቃሉን የሚያጸኑ ነበሩ። የጄኔራል ሞተርስ ዲዛይነር የነበረው ቸክ ጆርዳን በ1956 ክረምት ከክራይስለር ፋብሪካ አጥር ማዶ ተደርድረው የነበሩትን አዳዲስ መኪኖች አይቶ ለባልደረቦቹ መንገሩ፣ ኩባንያውም ለ1959 ያዘጋጃቸውን ንድፎች ትቶ እንደገና መጀመሩ በዘርፉ የታወቀ ታሪክ ነው።

እዚህ ጋ ነው የቅርጽ ኃይልና ወሰኑ አብረው የሚታዩት። በ1957 ወደ 726,000 የሚጠጋ ፕሊማውዝ ተመረተ፤ በ1958 ከ444,000 ያነሰ። የ1958 የኢኮኖሚ መቀዝቀዝ ሁሉንም ኩባንያ ጎድቷል፤ ፕሊማውዝን ግን የጎዳው እርሱ ብቻ አልነበረም። መኪኖቹ በጥድፊያ ተሠርተው ስለነበር ዝናብ ያስገቡ ነበር፤ ላሜራቸው ገና በሁለተኛው ዓመት ዝገት ይበላው ነበር፤ አዲስ የገቡት የፊት ቶርሽን ባሮችም (በሞላ ፈንታ የመኪናውን ክብደት የሚሸከሙ የብረት ዘንጎች) ይሰበሩ ነበር። መልኩን አይቶ የገዛው ሰው ለሚቀጥለው ገዢ የሚነግረው ይህንን ሆነ፤ ኩባንያው በጥራት ያጣውን ስም ለማስመለስም ዓመታት ፈጀበት። ስቱድቤከር የተባለው ነጻ አምራች በ1953 የገጠመው ዕጣም ከዚህ ይቀራረባል፤ በታዋቂው ዲዛይነር በሬይመንድ ሎዊ ስቱዲዮ የነበረው ሮበርት ቡርክ የነደፈው ዝቅ ያለ ባለ ሁለት በር መኪና ዛሬም ድረስ ከዘመኑ ውብ ሥራዎች አንዱ ተብሎ ይጠቀሳል፤ ፋብሪካው ግን ብዙ ባለ አራት በር እንጂ ይህን ያህል ባለ ሁለት በር እንደሚፈለግ አልገመተም፤ የፊት ላሜራዎቹም አልገጥም ብለው ምርቱ ዘገየ። ሕዝቡ የወደደውን መኪና በወቅቱ ሊያገኘው አልቻለም።

ከአጥሩ ማዶ የታየው ነገር ያስከተለው የ1959 ለውጥ ደግሞ ሌላ ጥሩ ማስተያያ ትቶልናል። በዚያ ዓመት የጄኔራል ሞተርስ ክፍሎች መሠረታዊ የቦዲ ቅርጾችን ተካፍለው ነበር። ለፖንቲያክ የተሰጠው አዲስ ሰፊ ቦዲ በአሮጌው ጠባብ ሻንሲ ላይ ሲቀመጥ የአባቱን ካፖርት የለበሰ ልጅ መሰለ፤ መሐንዲሶቹም የግራና የቀኝ ጎማዎችን ርቀት በ5 ኢንች ገደማ አሰፉት። ለመልክ ተብሎ የተደረገው ለውጥ መኪናውን በመታጠፊያ ላይም አረጋጋው፤ ማስታወቂያውም ይህንኑ ሰፊ አቋም ዋና ነገሩ አደረገ። ፍርግርጉ መሐል ለመሐል ለሁለት ተከፈለ፤ ይህም ለዐሥርተ ዓመታት የፖንቲያክ መለያ ሆኖ ቆየ። ምርቱ በ1958 ከነበረበት 217,000 ገደማ በ1959 ወደ 383,000 ገደማ አደገ። ኢኮኖሚው ማገገሙ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ቦዲውን የተካፈለው ቢዩክ በዚያው ዓመት ያገኘው ጭማሪ ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

ወደ ኤድሰል እንመለስ። ዲዛይነሩ ሮይ ብራውን የጊዜው መኪኖች ከፊት ሲታዩ ሁሉም ወርዱን የተዘረጋ ፍርግርግ ያላቸው መሆኑን አይቶ፣ ከሩቅ የሚለይ መኪና ለመሥራት ፍርግርጉን ቀጥ አድርጎ አቆመው። በመጀመሪያው ንድፍ ቀጭንና ለስላሳ ነበር፤ ሞተሩ በቂ አየር እንዲያገኝ መሐንዲሶች ሲጠይቁ እየሰፋ ሄዶ ሁላችንም የምናውቀው ሞላላ ቀለበት ሆነ። ሕዝቡ እንደተሳለቀበት አይካድም። ነገር ግን መኪናው ሴፕቴምበር 1957 ሲወጣ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው መኪኖች ገበያ በኢኮኖሚው መቀዝቀዝ እየጠበበ ነበር፤ ዋጋው ከራሱ ከፎርድና ከሜርኩሪ ጋር ይደራረብ ነበር፤ የራሱ መገጣጠሚያ ስላልነበረው በእነርሱ መስመር ላይ ይሠራ ስለነበር ብዙ የጎደለው ነገር ያለው መኪና ለወኪል ይደርስ ነበር፤ በመሪው መሐል የተቀመጡት የካምቢዮ መቀየሪያ ቁልፎችም ችግር ያበዙ ነበር። በአሜሪካ በ1958 ሞዴልነት 63,110 ተሸጠ፤ የኩባንያው ግምት ግን ከ200,000 በላይ ነበር። ጥፋተኛው ፍርግርጉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማስወገዱ ማዳን ነበረበት። ለ1960 ሞዴል በእርግጥ ተወገደ፤ የ1959ኙን ፖንቲያክ የሚመስል የተከፈለ ፍርግርግም ተተካለት፤ የተመረተው 2,846 ብቻ ነው። እንግዲህ ፍርግርጉ ውድቀቱን አላመጣውም፤ ለመጣው ውድቀት ሰው ሁሉ የሚጠቁምበት ፊት ሆነ እንጂ። ቀድሞ የተጠላ መኪና መልኩን ቢያሳምር እንኳ ስሙ ስለሚቀር የሚመለከተው አያገኝም።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ዛሬ ውድ የሆኑት ያኔም ተፈላጊ ነበሩ ወይ የሚል ነው። ሁልጊዜ አይደለም። የ1957 ሸቭሮሌት ዛሬ የዚያ ዘመን ምልክት ተደርጎ ይታያል፤ በዚያ የሞዴል ዓመት ግን ፎርድ ከእርሱ የበለጠ አምርቷል፤ ምክንያቱም የሸቭሮሌቱ ቦዲ ከ1955 የመጣ፣ ሦስተኛ ዓመቱን የያዘ ሲሆን ፎርዱ ረጅም፣ ዝቅተኛና ፈጽሞ አዲስ ነበር። ይበልጥ የሚያስደንቀው የ1970 ፕሊማውዝ ሱፐርበርድ ነው። ሾጣጣው አፍንጫውና ከኋላው እንደ ማማ የቆመው ክንፉ የተሠሩት ናስካር ለተባለው የአሜሪካ የመኪና እሽቅድምድም ነው፤ የውድድሩ ሕግ መኪናው ለሕዝብም እንዲሸጥ ያስገድድ ስለነበር ወደ 1,900 የሚጠጉ ተመረቱ። ገዢ ግን ጠፋ፤ አንዳንድ ወኪሎች አፍንጫውንና ክንፉን ነቅለው መኪናውን መነሻው ወደ ሆነው ተራ ሮድ ራነር ለውጠው ለመሸጥ ተገደዱ። ዛሬ ያልተነቀለባቸው በጨረታ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣሉ፤ የጨረታ ዋጋ ብርቅነትንና ትዝታን ስለሚለካ ነው። በተመረቱበት ዓመት ሕዝቡ መልካቸውን ወደደው ወይስ አልወደደውም የሚለውን ማወቅ ከፈለጉ የዚያን ዓመት የምርት ቁጥር ያመሳክሩ፤ ከአጠገቡም በዚያው ሻንሲ ላይ የተሠራውን ወንድሙን ይመልከቱ።